የዋሴ ወንፈል

«ለአባትሽ መልሺለት።»

መዓዛ ፖስታውን ዴስኩ ላይ ጣለችው። አፉ ስላልታሸገ ብሮቹ ተንሸራተው እስከ ግማሽ ወጡ። መምህሩ ገና ባይገባም የክፍሉ ጫጫታ ባንድ ጊዜ ጸጥ አለ። ኢየሩሳሌም ፖስታውን በደብተሯ ሸፈነችው፤ ጆሮዋ ግሎ ነበር።

«ምን ሆነሽ ነው? ሰው ፊት?»

«አንቺስ ትናንት ሰው ፊት አይደል የሰጠሽኝ?»

እውነቷን ነበር። ትናንት ከትምህርት ቤቱ በር ላይ፣ ተማሪው ሁሉ እየወጣ፣ «ይኼን አባየ ለእናትሽ ልኳል» ብላ ያቀበለቻት እሷ ናት። ያኔ ማንም ቢያይ ግድ አልነበራትም። እንዲያውም ቢያዩላት ደስ ባላት።

ከኋላ የተቀመጠው ካሌብ አንገቱን አሰገገ። «ጄሪ፣ ብሩ ባለቤት ካጣ እኔ አለሁ። ሼም የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም።»

ሁለት ሦስት ልጆች ሳቁ። መዓዛ አልሳቀችም። አባቷ አያ ዋሴ ክረምት ላይ ከሞቱ ወዲህ ጥቁሩን ሻርፕ ከአንገቷ አውልቃ አታውቅም፤ አሁንም ጫፉን በጣቷ እየጠቀለለች ቆማለች።

«እማየ ያለችውን ልንገርሽ? ዋሴ ለአባትሽ ለጌታነህ ጉልበቱን እንጂ ገንዘቡን አላበደረውም ብላለች።»

«ሦስት ሠራተኛ የሚቀጥር ብር እኮ ነው» አለች ኢየሩሳሌም። «አባየ አንድ ሰው ነው። ባንድ ሰው ፋንታ ሦስት ሰጣችሁ። ምን ጎደለ?»

«እሱ» አለች መዓዛ። «እሱ ጎደለ።»

መምህሩ ገባ። ወንበር ተንጓጓ፣ ሁሉም ተቀመጠ። መምህሩ ጠመኔውን አንስቶ ሰሌዳው ላይ የጻፈው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የነገውን የፊዚክስ ሚድ ፈተና ሰዓት። «የቀረ ዜሮ ነው» አለ። «ለሠርግም ለአጨዳም ይቅርታ የለኝም። ገበሬ መሆን የሚፈልግ ከአሁኑ ይንገረኝ።»

ኢየሩሳሌም አልሰማችውም። ፖስታው ከደብተሯ ሥር ሆኖ እንደ ፍም ያቃጥላታል። አባቷ መልካም ነገር ነበር ያደረገው። ሰው መልካም ሲደረግለት አመስግኖ ይቀበላል እንጂ ፊት ላይ አይወረውርም። ከሰዓት በኋላ ትምህርት ስለሌላቸው እዚያው እንደተቀመጠች ወሰነች፤ ብሩን ራሷ ወይራ አምባ ወስዳ ለመዓዛ እናት በእጃቸው ትሰጣቸዋለች። የምትናገረውንም ቃል በቃል አዘጋጀች።

ወይራ አምባ ከወገዳ ከተማ ሲወጡ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። እነኢየሩሳሌም ራሳቸው እስካምና ድረስ እዚያ ነበሩ። የሰፈሩ ስምንት ቤት ወንፈል ነው የሚሠራው። ዛሬ ሁሉም ያንተን ማሳ ያጭዳል፤ ነገ አንተ ከሁሉም ጋር የጎረቤትህን ታጭዳለህ። ወረቀት የለውም፣ ዳኛ የለውም። አምና አባቷ ሆዱን ደብረ ታቦር ሆስፒታል ተቀዶ ተኝቶ ሳለ ሰባቱም ጎረቤት ወጥቶ ገብሱን አጨደለት። እሱ ግን መነሳት አይችልም ነበርና የማንንም ቀን ሳይመልስ አጨዳው አለቀ። «ለከርሞ» ተባባሉ። በከርሞው ግን ጌታነህ ወገዳ ላይ ሱቅ ከፍቶ፣ እህል እየገዛ በመኪና የሚጭን ነጋዴ ሆኖ ነበር።

መዓዛ ከፊቷ ርቃ ትሄዳለች። ኢየሩሳሌም ሆን ብላ ወደ ኋላ ቀረች። አብረው ሲሄዱበት የኖሩትን መንገድ አንዷ ከፊት አንዷ ከኋላ ሆነው ያለ አንድ ቃል ጨረሱት።

የመዓዛ እናት የእትየ ውዴ ማሳ ከሰፈሩ ሁሉ በላይ፣ ብርዳማው ተረተር ላይ ስለሆነ ገብሱ የሚደርሰው መጨረሻ ነው። ደርሶም አልፎበታል። ዛላው አንገቱን ደፍቶ፣ ነፋስ በነካው ቁጥር ፍሬው ወደ መሬት ይረግፋል። ከማሳው ጥግ ላይ እንደ ጠባብ መንገድ የታጨደ ቦታ አለ። እዚያ ጫፍ ላይ እትየ ውዴ ብቻቸውን ጎንበስ ብለዋል። መዓዛ የትምህርት ቤት ሹራቧን አውልቃ ድንጋይ ላይ አኖረችና ከእናቷ ጎን ገባች።

«እንደምን ዋሉ፣ እትየ ውዴ።»

እትየ ውዴ ቀና አሉ። ከሐዘኑ ወዲህ ፊታቸው ቀጥኗል፤ ዐይናቸው ግን ደረቅ ነው። «እግዚአብሔር ይመስገን። በእግርሽ ነው የመጣሽ? ተቀመጪ፣ ውሃ ጠጪ።»

ኢየሩሳሌም አልተቀመጠችም። ቃሏ ሳይጠፋባት መናገር ነበረባት። «አባየ የላከልዎትን ለምን መለሱት? እኛ እርስዎን አልናቅንም። ክፍሉ ሁሉ እያየ ነው መዓዛ የወረወረችብኝ።»

መዓዛ ቀና ልትል ስትል እናቷ በእጃቸው ከለከሏት። ማጭዳቸውን መሬት ላይ አኖሩና የነጠላቸውን ጫፍ ቋጠሮ ፈቱ። የታጠፈ ብር፣ በወረቀት የተጠቀለለ ብር፣ በላስቲክ የታሰረ ብር ወጣ።

«ይኼ ከታች ያለው ፍሬው የላከው ነው» አሉ። «ይኼኛው የጎረቤቱ። ይኼ ደግሞ ከወንዝ ማዶ ያሉት የላኩልኝ። ማንም አልናቀኝም፣ ልጄ። ሁሉም ልኮልኛል።»

ድምፃቸው ከፍ አላለም። ኢየሩሳሌም ግን ቢጮኹባት ትመርጥ ነበር።

«ታዲያ ሠራተኛ ይቅጠሩበት።»

«ማንን?»

እትየ ውዴ በአገጫቸው ቁልቁል አሳዩዋት። በየማሳው ሰው አለ፤ ሁሉም በየራሱ ስንዴና ገብስ ውስጥ አጎንብሷል። በዚህ ሳምንት ማጭድ ሳይዝ የተቀመጠ ሰው ከተገኘ ወይ በሽተኛ ነው ወይ ሕፃን።

«አባትሽ ዘንድሮ ለፍሬው ተራ ብር ሲልክ ፍሬው ደስ አለው። ልጆቹ ደርሰውለታል፣ ጉልበት አልጎደለውም። እሱም ተራው ሲመጣ ለጎረቤቱ ብር ላከ። ያም ለሌላው ላከ። እንዲህ ሲላላኩ ሰንብተው እኔ ዘንድ ሲደርስ ብሩ ብቻ መጣ። ሰው አልመጣም።» ብሩን መልሰው ቋጠሩት። «ቅዳሜና እሁድ ሰንበት ነው፣ ማጭድ አይነሳም። የጉናን ራስ እይው እስቲ።»

ኢየሩሳሌም ዞር አለች። ጉና ተራራ ላይ የማለዳው ቀጭን ደመና ጠቁሮና ወፍሮ ተቀምጧል። የኅዳር ዝናብ የደረሰ ገብስ ላይ ከወረደ የሚተርፈው ጭዱ ብቻ እንደሆነ ለማወቅ የወይራ አምባ ልጅ ነጋሪ አያሻትም።

«ፖስታውን ይዘሽ ሂጂ፣ ሳይመሽብሽ» አሉ እትየ ውዴ ማጭዳቸውን እያነሱ። «ለአባትሽም ሰላም በይልኝ።»

ከሁሉም ያቃጠላት ይህ ሰላምታ ነበር።

ቁልቁለቱን ስትወርድ ንዴቷ አብሯት ወረደ፤ አሁን ግን በማን ላይ እንደሆነ ጠፋባት። አምና ይህን ጊዜ አባቷ ጋቢ ተከናንቦ የቤቱን ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጦ ነበር። አያ ዋሴ ውርጩ ሳይለቅ ከሁሉም ቀድመው መጡ። ማጭዳቸውን በድንጋይ እየሳሉ «ጌታነህ፣ አንተ መዳንህን ዳን፤ ገብሱን ለኛ ተወው» አሉት። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ከአጫጆቹ ሰልፍ ፊት አልተለዩም። እሷ ነዶ ስትሸከም አይተው «ልጅቷ ናት ነዶውን የተሸከመች ወይስ ነዶው ነው ልጅቷን?» ብለው ሁሉንም አሳቁባት። አባቷ እየሳቀ ስፌቱ ስላመመው ሆዱን ይዞ ነበር።

ሱቁ ስትደርስ አባቷ የባቄላ ጆንያ አፍ እየሰፋ ስልክ ያወራል። «መኪናው ነገ በጠዋት ይድረስ፣ ሌላ ሰው ሳይቀድመኝ» አለና ዘጋው። ፖስታውን ባንኮኒው ላይ ስታኖርለት አየ።

«ምንድነው?»

«አልቀበልም ብለዋል።»

ጌታነህ መርፌውን ጆንያው ላይ ሰክቶ ትንሽ አሰበ። ከዚያ መሳቢያውን ሳበ። «አነሰ?»

ኢየሩሳሌም ሙሉውን መንገድ ምን እንደምትለው ስታስብ መጥታለች። «አነሰ?» የሚለውን ስትሰማ ያሰበችው ሁሉ ጠፋ።

«አላነሰም። የጎደልከው አንተ ነህ።»

ጓዳ ውስጥ ምስር ስትለቅም የነበረችው እናቷ እጇን አቆመች። ጌታነህ ሴት ልጁን ለመጀመሪያ ጊዜ እንዳያት ሁሉ አያት።

«ማነው ይኼን ያስተማረሽ?»

«ማንም። ማሳውን አይቼ ነው የመጣሁ። ፍሬው ብር ልኳል። ሁሉም ብር ልኳል። ካንተ ነው የተማሩት። እትየ ውዴ ብቻቸውን ናቸው የሚያጭዱት፣ ዝናቡ ደግሞ መጥቷል።»

«እኔ የማንንም አልበላሁ!» መሳቢያውን ገፍቶ ዘጋው። «ስሚኝ። ሆዴን ሲቀዱኝ ሆስፒታሉ ወንፈል ይዘህ ና አላለኝም። ብር ነው ያለኝ። ባይኖረኝ ሞቼ ነበር፣ ይኼኔ አንቺም እንደ መዓዛ ጥቁር ለብሰሽ ነበር። ገንዘብ ምን ማለት እንደሆነ አታውቂም። ገንዘብ አይታመምም፣ አይሞትም፣ ነገ እመጣለሁ ብሎ አይቀርም። ዋሴ ጥሩ ሰው ነበር፤ ነፍሱን ይማር። ለሚስቱ ያለኝን ላክሁ። ከዚህ በላይ ምን ላድርግ?»

«ሂድና እጨድላቸው።»

«ነገ መኪና ይመጣል።»

«በስልክ ከነገ ወዲያ በለው።»

«ከማጭድ የወጣሁት ተመልሼ ላጎነብስ አይደለም!»

ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ እሱም እንደሰማው ያስታውቃል። ሱቅ ደጃፍ ላይ የቆመ ሰው የለም፤ ሆኖም ጌታነህ ወደ በሩ ዞር ብሎ አየ።

እናቷ ከሰፌዱ ላይ ቀና ሳትል ተናገረች። «የሆስፒታሉን ብር በብድር ነበር ያገኘኸው። ያን ብድር የከፈለው ምንድነው?»

«አንቺ ደግሞ…»

«እየጠየቅሁህ ነው። ገብሱ አይደለም? የሱቁን የመጀመሪያ ዕቃስ?»

ጌታነህ መርፌውን ነቅሎ ጆንያውን መስፋት ቀጠለ። ክሩን ሲስበው በጣም ከመሳቡ የተነሳ ተበጠሰ። እንደገና አሰረው።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ኢየሩሳሌም ከሱቁ ጀርባ ያለውን ዕቃ ቤት ከፈተች። ሱቁ ውስጥ ገመድ ላይ የተንጠለጠሉ አዳዲስ ማጭዶች አሉ፤ አልነካቻቸውም። የአባቷ አሮጌ ማጭድ ከአህያው ኮርቻ ሥር ወድቆ አገኘችው። ዝጓል። ድንጋይ ፈልጋ ሳለችው።

ስትወጣ እናቷ በሩ ላይ ቆማለች፣ ዳቦ በፌስታል ይዛ።

«ፈተናሽስ?»

«አውቃለሁ።»

«ካወቅሽ ውሃም ያዢ» አለችና ጠርሙሱን አቀበለቻት።

ማሳው ስትደርስ መዓዛ ከርቀት አይታት ቀና አለች። ኢየሩሳሌም ቦርሳዋን አውርዳ ሹራቧን ወገቧ ላይ አሰረች።

«ሚዱስ?» አለች መዓዛ።

«አንቺስ?»

«እኔ ምርጫ የለኝም።»

«እንግዲያ ሙድ አትያዥብኝ፣ እጨጂ።»

መዓዛ ከንፈሯን ነከሰች። ሳቅ ይሁን ንዴት አላስታወቀም። እትየ ውዴ ግን አንድም ነገር አልጠየቁም፤ «ከግራዬ ቁሚ፣ እጅሽን ዝቅ አድርገሽ ያዢ» ብቻ አሏት።

ኢየሩሳሌም ማጨድ ታውቅ ነበር፤ አንድ ዓመት ግን ብዙ ያስረሳል። ጭብጧ ያንሳል፣ ማጭዱ ይንሸራተታል፣ የገብሱ ጢም በእጅጌዋ እየገባ ይወጋታል። ወገቧ መቃጠል ሲጀምር ከተማ ውስጥ ያሉ ልጆች ወረቀታቸውን እየተቀበሉ እንደሆነ አሰበች። ፊዚክስ ትወድ ነበር። ዜሮ የሚለውን ቃል በውስጧ ደገመችውና አንድ ጭብጥ ገብስ በንዴት ቆረጠች። ከዚያ ሌላ። ንዴት ለአጨዳ መጥፎ አልነበረም። ችግሩ መዳፍ ላይ ውሃ መቋጠሩ ነው።

ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ፍሬው ከታች መጣ። ወፍራም፣ ወሬ የሚወድ ሰው ነው። ማጭዱን ትከሻው ላይ ጥሎ ከማሳው ጠርዝ ቆመና ኢየሩሳሌም ያጨደችውን አየ።

«የጌታነህ ልጅ ወጥታ ታጭዳለች አሉኝ። ውሸት ነው ብየ ለማየት መጣሁ» አለ። «አጨዳስ አይደለም። ፍየል የገባበት ነው የሚመስል። ግማሹን ለቃርሚያ ትተሽዋል።»

«ሦስት ልጆች አሉዎት አይደል? ይላኩልንና ያስተምሩኛ» አለች ኢየሩሳሌም።

ፍሬው ማንንም ሳያይ ከሰልፉ ቀኝ ገባና አጎነበሰ። እትየ ውዴ ጥቂት ቆይተው ነጠላቸውን ፈቱ፣ ከቋጠሮው እሱ የላከውን ብር ለይተው አወጡና ደረት ኪሱ ውስጥ ከተቱለት። ጆሮው ቀላ። ከዚያ በኋላ እንደ ሁለት ሰው አጨደ።

ደመናው ከጉና ተነስቶ ወደ እነሱ መንቀሳቀስ ሲጀምር የማሳው እኩሌታ ተኝቶ፣ እኩሌታው ቆሞ ነበር። ፍሬው ነዶ ተሸክሞ ወደ ክምሩ ሄደ። እትየ ውዴ ኢየሩሳሌምን ድንጋይ ላይ አስቀምጠው መዳፏን ገለጡ። የፈነዳውን ቁስል አይተው ከነጠላቸው ጫፍ ቀደው አሰሩላት።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አሉ። «ወንፈል በሰው ስም መያዝ አለበት። የዛሬውን ቀን የማን ብየ ልያዘው?»

ኢየሩሳሌም የአባቷ ብትል ነገሩ ያበቃል። ጌታነህ ቀኑን መለሰ ይባላል። ቤት ስትገባ ሰላም ይሆናል፤ አባቷም ጆንያውን እየሰፋ፣ ወደ ደጁ እያየ ሳይሳቀቅ፣ ልጄ ከፈለችልኝ ይላል። ልክ ፖስታ እንደላከው እሷን እንደላካት ይሆናል።

መዓዛ ነዶ ማሰሯን አቁማ ታያታለች።

«የራሴ ነው» አለች ኢየሩሳሌም። «የእኔ ብለው ይያዙት። የአባየ ቀን እንዳለ ነው።»

እትየ ውዴ የያዙትን እጅ ለጥቂት ጊዜ አልለቀቁትም።

«እንግዲያ ያንቺ ቀን አለብኝ» አሉ። «ማሳ የለሽም። በምን ልመልስልሽ?»

«የሚመለስበት አይጠፋም።»

«አይጠፋም» አሉ እትየ ውዴ። ፊታቸውን ወደ ማሳው አዞሩ። ማጭዳቸውን አንስተው «ነገ ቀን አለን» አሉ። «ዝናቡ ከታገሰን።»

ሱቁ ስትደርስ ባቄላው ተጭኖ መኪናው ሄዷል። አባቷ ባዶው ወለል ላይ የቀረውን እየጠረገ ነበር። መጀመሪያ ያየው እጇን ነው።

«ምን ሆንሽ?»

«ገብስ።»

መጥረጊያውን ይዞ ቆመ። «ፈተና ነበረሽ አሉ።»

«ነበረኝ።»

«አለቀ? የዋሴ ማሳ?»

«እኩሉ ቀርቷል። አያ ፍሬው መጥቷል። ነገ አርብ ነው፤ ከነገ በኋላ ሰንበት ነው» አለች። ከዚያ ማለት ያልፈለገችውን ጨመረች፤ ሳትነግረው ማደር ግን ማታለል መሰላት። «ያንተን ቀን አልከፈልሁልህም። የራሴን ነው ያጨድሁት። እትየ ውዴ የያዙት እንደዚያ ነው።»

የጌታነህ ዐይን በጨርቅ የታሰረው መዳፏ ላይ ቀረ።

ኢየሩሳሌም ወደ ውስጥ ገባች። በሩ ጎን ባለው ሚስማር ላይ አባቷ ጠዋት ጠዋት ወደ ሱቅ ሲገባ የሚለብሰው ጃኬት ተሰቅሏል። ጃኬቱን አውርዳ አጣጥፋ አልጋው ላይ አኖረችው። በቦታው የሱን አሮጌ ማጭድ ሰቀለች። ከዚያ እጇን ለመታጠብ ወደ ጓሮ ወጣች፤ ጉና በኩል ገና አልዘነበም ነበር።